የኦቦ ገመቹ የእጅ ማርሽ

ባለፈው ጥቅምት ኦቦ ገመቹን አምቦ ቀበርነው። የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ልጅ ድምፁ ያምራል፤ ወረቀቱ ግን አጭር ነበር። ተወለዱ፣ አገቡ፣ ልጆች አሳደጉ፣ «በአንድ መሥሪያ ቤት በጥበቃ ሠራተኛነት ለረጅም ዘመን በታማኝነት አገልግለዋል» አለና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ዘበኛ ነበሩ ማለቱ ነው። እኔ ከፊት ቆሜ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ከጉደር የመጣ አለ፣ ከጊንጪ የመጣ አለ። ከወንጪ ግን አንድ ፈረሰኛ እንኳ አልመጣም። ያ ሰው እግሩን ሳያጣ ሞቶ ቢሆን ኖሮ የወንጪ ፈረስ የቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያ በሞላው ነበር።

ድንኳን ገብተን ንፍሮ ስንቀምስ ደግሞ አንድ ጎረምሳ መካኒክ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አባቱን አውቀዋለሁ። ልጁ ጋራዥ ከከፈተ ብዙም አልቆየ።

«ጋሼ ተሾመ፣ ያ የኦቦ ገመቹ ሞተር ብስክሌት እርስዎ ከሠሩት በኋላ ነው አሉ ፒስተኑ ነክሶ ቆሞ የቀረው። እውነት ነው?»

«ማን አለህ?»

«አገር ምድሩ ነዋ። አባቴ ራሱ፣ ‹ተሾመ በዕድሜው አንድ ሞተር ብቻ ነው የከሸፈበት፣ እሱም የገመቹ ነው› ይል ነበር።»

የንፍሮውን ሳህን መሬት አስቀመጥኩ። ይህን ቃል ለአንድ ሰው ስል ስውጠው ኖሬአለሁ። ሰውዬው አሁን ከአፈር በታች ነው። ከእንግዲህ አልውጥም።

ስለ ራሴ ብዙ አላወራም፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። ሞተር ያስተማረኝ የጉደር ወፍጮ ነው። ወፍጮው ቆሞ፣ ባለቤቱ ከአዲስ አበባ መካኒክ እስኪመጣለት እጁን አጣምሮ ሲጠብቅ፣ እኔ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ገጥሜ አስነሳሁት። መካኒኩ ሲደርስ ወፍጮው ጤፍ እየፈጨ ነበር። ሰውዬው ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ እጄ ያልገባ ሞተር አልነበረም ብል ውሸት አይሆንም። ጊንጪ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ከጭልሞ ጫካ በኩል እያቃሰተ የሚመጣ የጭነት መኪና ምኑን እንደሚያመው ገና ሳላየው እናገር ነበር። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

ይህን ሁሉ አምቦ ያምናል። ያላመነኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ገመቹ።

መጀመሪያ የመጣብኝ አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ገመቹ ገጠር ለገጠር እየዞረ ከብት የሚከትብ ሠራተኛ ነበር። ረጅም፣ ደረቅ ያለ፣ ፊቱን ፀሐይ የጨረሰው ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ቀይ ሞተር ብስክሌት ነበረው፤ ከኋላው የክትባት መድኃኒት የሚያዝበት የበረዶ ሣጥን ታስሮበታል። ጋራዤ በር ላይ እያነጠሰ ሲቆም፣ እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ «ካንዴላው ነው» አልኩት።

ከሞተሩ ሳይወርድ አየኝ። «ሐኪም ነህ እንዴ?» አለኝ። «እኔ እንኳ የበሬውን አፍ ከፍቼ ሳላይ በሽታውን አልናገርም። ተነስና ፍታው።»

ፈታሁት። ካንዴላው ነበር።

«አላልኩህም?»

«አጋጣሚ ነው» ብሎኝ አዲሱን አስገጥሞ ሄደ።

ጠባዩ እንዲህ ነው። ማመስገን የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አንቱ ማለትም አይወድም፤ ለአውራጃው አስተዳዳሪም ለእረኛም «አንተ» ነው። ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የቤንዚን ታንከሩን በጣቱ አንጓ፣ የሰው በር እንደሚያንኳኳ፣ ኳ ኳ ያደርገዋል። ከተነሳለት በኋላ ደግሞ አመልካች ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ስማው!» ይለኛል። ምኑን እንደምሰማ አይነግረኝም። እኔ ሞተሩ ያለበትን ሕመም አንድ በአንድ ስዘረዝር፣ ራሱን ይነቀንቅና «አልሰማኸውም» ብሎኝ ይሄዳል። እኔን! በጆሮዬ የታወቅሁትን! ብዙ ቀን ተናድጄበታለሁ።

አንድ ቀን «ና ውጣ፣ የምልህን ላሰማህ» ብሎ ከኋላው ጭኖ ወንጪ ወሰደኝ። ሐይቁ ወለል ብሎ የሚታይበት ጉብታ ላይ ቆመ። ማርሹን ዜሮ አደረገና ነዳጅ ደጋግሞ እየሰጠ ሞተሩን አስጮኸው። ከዚያ አጠፋው። ከታች መጀመሪያ ውሻ ጮኸ። ቀጥሎ ከየእርሻውና ከየደጁ ሰው ብቅ ብቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ ከብቱ ከአራቱም ማዕዘን ወደ ክትባቱ በረት ይጎርፍ ጀመር። ከኋላ እየሮጡ የሚነዱት ጎረምሶች ናቸው፤ ኮርማ ቀንዱን ይዞ ለመርፌ ማቆም የጎረምሳ ሥራ ነው። «ሐኪማ ሎኒ! ሐኪማ ሎኒ!» ይላሉ። የከብት ሐኪም ማለታቸው ነው። አባ ሰንጋ በገባበት ዓመት ከብታቸውን ያተረፈላቸው እሱ ነበር። ሌላ ሞተር ሲያልፍ ቀና ብለው አያዩም፣ የእሱን ግን ከሩቅ ለይተው ያውቁታል።

«አሁን ሰማኸው?» አለኝ።

ከዚያ የምሥራቁ ጦርነት መጣ። ገመቹ ዘመተ። ሲመለስ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። መሥሪያ ቤቱ «ለጊዜው» ብሎ በር ጥበቃ ላይ አስቀመጠው። ያ «ለጊዜው» ጡረታ እስኪወጣ ሳይነሳለት ቀረ።

ሞተሩም ከእሱ የተሻለ አልገጠመውም። ያ ዓይነት ሞተር እንደ መኪና ዘይቱን ለብቻው አይዝም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባለት። ያለ ዘይት ከነዱት ፒስተኑ ይግላል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቀራል። ገመቹ በሌለበት የተረከቡት ሰዎች ይህን ወይ አላወቁም ወይ ግድ አልነበራቸውም። ንጹሕ ቤንዚን ሞልተው ጋለቡት። ነክሶ ሲቆምባቸው ከግቢው ጀርባ ባሕር ዛፍ ሥር ጣሉት። ዶሮ ይሰፍርበት ጀመር። ገመቹ ደግሞ በር ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ እሱን ያያል።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ በላቸው የሚባል ሰው ነበር። ከኃላፊነቱ ሌላ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚመለምለው ኮሚቴ አባል ነው። አንድ ጠዋት ሠራተኛው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ገመቹ በምርኩዙ ተደግፎ ፊቱ ቆመ።

«ያ ሞተር ቢነሳ ሥራዬን ትመልስልኛለህ?»

«በአንድ እግር ልትከትብ?»

«ከብት የሚከተበው በእጅ ነው።»

ሠራተኛው ሳቀ። ጓድ በላቸውም ሳቀ። «አስነሳው እንጂ! ካስነሳኸው ሞተሩም ያንተ፣ ሥራውም ያንተ!» አለ። ሁሉም ሰማ። ገመቹ ግን እንደ ቀልድ አልያዘውም። በዚያው ቀን ሞተሩን በጋሪ አስጭኖ እኔ ጋ አመጣው።

«ያ ተሾመ» አለኝ በኦሮምኛ አጠራሩ፣ «አዋቂ ነኝ ትል የለ? ይኸው።»

አምቦ ውስጥ የተጣበቀ ብረት እንዴት እንደሚላቀቅ የማውቀው እኔ ነኝ። ሌላው መካኒክ በመዶሻ ይደበድባል። እኔ ሆራ ውስጥ እነክረዋለሁ። ሆራ ማለት ከመሬታችን እየፈላ የሚወጣው ውሃ ነው። ሌላው አገር በጠርሙስ ይጠጣዋል፣ ገበሬው ለከብቱ ያጠጣዋል፣ እኔ ደግሞ ሞተር አጠጣዋለሁ።

«ሆራ ከብት ያፋፋል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ ገመቹ። «ብረት ያፋፋል ያለህ ማነው?»

«ዝም ብለህ ውሃ አስቀዳ!»

ሲሊንደሩን በርሜል ውስጥ ነከርኩት። በየማለዳው ውሃውን እደፋና ትኩስ እቀይርለታለሁ። አረፋው እየተፍለቀለቀ ዝገቱን ይበላዋል። በመጨረሻ በእንጨት መታ ባደርገው ፒስተኑ እንደ ላላ ጥርስ ወለቀ። ወዲያው ዘይት ውስጥ ከተትኩት፤ ያንን ካልረሱ ሆራ ብረት አይጎዳም። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ወስጄ አሰፋሁት፣ ለስፋቱ የሚሆን ፒስተን ከመርካቶ አስመጣሁ፣ ቀለበቶቹን፣ እኛ ፋሻ የምንላቸውን፣ በገዛ እጄ እየሞረድኩ ገጠምኩ። ጥፍር የሚገባበት ክፍተት አልተውኩም። ውስጥ ያለው ማርሹን የሚገፋው ሹካ ተጣሞ ነበር። እሱንም በከሰል እሳት አግዬ አቀናሁት። ይህን ሁሉ የማውቀው ከማንም ተምሬ አይደለም። ገመቹ አጠገቤ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ዕቃ በጋዝ ያጥባል፣ ያቀብላል፣ ያሽሟጥጣል።

ችግሩ ማርሹ ላይ መጣ። የማርሹ ፔዳል የሚረገጠው በግራ እግር ነው፤ ገመቹ የጎደለው ደግሞ ግራ እግሩ ነው። ዘንግ በጥጄ ማርሹን በእጅ እንዲቀይር ላድርገው አልኩ። ግን ፍሪሲዮኑን የሚይዘው ግራ እጁ ነው፣ ነዳጅ የሚሰጠው ቀኝ እጁ ነው።

«ታዲያ ማርሹን በምኔ ልቀይር? በጥርሴ?» አለኝ።

ተጣላን። እሱ ምርኩዙን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ፣ እኔ መፍቻዬን ወርውሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መላው በማግስቱ መጣልኝ። የፍሪሲዮኑን እጀታ ከመሪው ላይ ነቅዬ እዚያው የማርሹ ዘንግ ላይ አሰርኩት። ዘንጉን ጨብጠህ በጣቶችህ ፍሪሲዮኑን ትስባለህ፣ በዚያው እጅ ዘንጉን ወደፊት ትገፋለህ ወይ ወደኋላ ትስባለህ። አንድ እጅ ሁለቱንም ይሠራል! እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ዘመን ሌላ ቦታ ተሠርቶ ከሆነ አላየሁም፣ አልሰማሁም። ገመቹ ግን «ሐሳቡ የእኔ ነው» እያለ ሞተ። «የላም ጡት በአንድ እጅ ይዘህ በጣት መጭመቅ ነው ብዬ የነገርኩህ እኔ ነኝ» ይል ነበር። እንዲህ ብሎ አልነገረኝም። ወይም ነግሮኝ ከሆነ እኔ አስቀድሜ አስቤዋለሁ።

የዘንጉ ጫፍ እጁን እንዳይልጠው የምርኩዙን ጫፍ ጎማ አወለቀና ሰካበት። «ምርኩዙ ያንሸራትትሃል» ብለው «ከእንግዲህ በምርኩዝ የሚሄድ ማነው?» አለ።

ሞተሩ የተነሳ ቀን ታንከሩን ኳ ኳ አደረገ፣ በቀኝ እግሩ መታው፣ ያዘ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። «ስማው» እስኪለኝ ጠበቅሁ። አላለም። «ትንሽ ያስላል» አለኝ። አያስልም ነበር!

ጓድ በላቸው በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ስላለ፣ ወንጪ ድረስ እየነዳ እንዲያሳየው ተስማሙ። እኔ ከኋላው ተፈናጠጥኩ፣ ኃላፊው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ተከተለን። ገመቹ ያንን አቀበት በእጅ ማርሽ ሲወጣው የነበረውን አነዳድ ባለ ሁለት እግር ሰው አይነዳውም። መቆም ሲፈልግ ወደ ቀኝ ጋደል ብሎ በደህናው እግሩ ይቆማል። ጉብታው ላይ ሲደርስ እንደ ድሮው ሞተሩን ደጋግሞ አስጮኸውና አጠፋው።

ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። የገመቹ ጀርባ ሲደነድን ታወቀኝ። ከዚያ ውሻ ጮኸ። ከዚያ ሰው ወጣ። ከዚያ ከብቱ፣ ከኋላው ጎረምሳው፣ ሽቅብ መጣ።

አንድ ሽማግሌ ከሁሉ ቀድመው ደርሰው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ኦቦ ቶላ ይባላሉ። «ሐኪማ ሎኒ ዱፌ! መጣ! ድምፁን ሰምተን አላመንም» ይላሉ። «መኪና ሲመጣ አፈሳ ነው ብለው ልጆቹ ጫካ ይገባሉ፣ ይህን ሲሰሙ ግን ማን ያዛቸዋል? ራሳቸው ናቸው የሮጡት!»

ገመቹ የአንዱን በሬ አፍ ከፍቶ ጥርሱን ማየት ጀመረ። በሬው ጤነኛ ነበር። እንባው ፊቱ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ያንን ጥርስ አየ።

እኔ ዞር ስል ጓድ በላቸው መኪናው ላይ ተደግፎ ቆሟል። እየቆጠረ ነበር። ከብቱን የሚቆጥር መስሎኝ ደስ አለኝ። ከብቱን አልነበረም የሚያየው።

ሳምንትም አልቆየ። ጓድ በላቸው ሞተሩን ራሱ እየገፋ፣ ገመቹን ከኋላው አስከትሎ ጋራዤ መጣ።

«አንድ እግር ያለው ሰው በመንግሥት ንብረት ገደል ቢገባ የሚጠየቀው እኔ ነኝ» አለ። «ሞተሩን ለአስቸኳይ ሥራ ወስጄዋለሁ። ይህን የእጅ ጣጣ አንሳና የእግሩን ማርሽ መልስ።»

«በሰው ፊት የገቡት ቃልስ?» አልኩት።

«ምን ቃል?»

«እንግዲያው ሌላ ያንሳልዎ። እኔ የሠራሁትን አላፈርስም።»

«ጓድ ተሾመ» አለ በቀስታ፣ «ይህን እምቢታ ሌላ ቦታ ልታስረዳ ትፈልጋለህ?»

እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ቆምኩ። ያን ዘመን የምታውቁ «ሌላ ቦታ» ማለት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ። ከበስተኋላው ገመቹ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ያ ተሾመ፣ መፍቻውን አቀብለኝ።»

«አላቀብልም።»

«ማሎ» አለኝ። እባክህ ማለት ነው። ከአፉ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አቀበልኩት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ ፍሪሲዮኑን መሪው ላይ መለሰ፣ የእግሩን ፔዳል አጠበቀ። ጓድ በላቸው ሲጋራ ያጨሳል። ገመቹ ዘንጉን ከነጎማው ሰጠኝና «ይህ የመንግሥት ንብረት አይደለም፣ አስቀምጠው» አለኝ። ለእኔ ብሎ እንዳደረገው አልጠፋኝም፤ እሱ ባይፈታው የምታሰረው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው በሩን ለዚያ ሞተር የሚከፍተው ገመቹ ሆነ። ኃላፊው እጁን ማቆሸሽ ስለማይወድ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ለክቶ የሚሞላውም እሱ ነው። በርሜሉ የተቀመጠው በዘበኛው ጎጆ ውስጥ ነበር።

የአስቸኳዩ ሥራ ምንነት ወዲያው ታወቀ። ጓድ በላቸው በሞተሩ ከፊት ይሄዳል፣ የጭነት መኪና ከሩቅ ይከተላል። ጉብታው ላይ ቆሞ ያስጮኸዋል። ጎረምሶቹ ከብት እየነዱ በሩጫ ይመጣሉ። ከብቱ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ልጆቹ መኪናው ላይ ይወጣሉ። አንድ ሰፈር ሲነቃ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ የወንጪ ዙሪያ ሰፊ ነው፣ የሐኪማ ሎኒን ሞተር የማያውቅ የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከገመቹ ጋር ጎጆው ደጃፍ ተቀምጬ ሳለ መኪናው ተመለሰ። የተያዙትን ሌላ መኪና እስኪወስዳቸው የሚያሳድሯቸው የመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ነበር። ገመቹ ተነስቶ በሩን ከፈተ። መኪናው ቀስ ብሎ በአጠገቡ ሲያልፍ ከላይ ከተጫኑት አንዱ አወቀው። የኦቦ ቶላ ልጅ ነበር፣ ከሁሉ ቀድመው አንገቱ ላይ የተጠመጠሙት የእኚያ ሽማግሌ። ልጁ በቁጣም አልተናገረ። እንደ ግራ የገባው ሰው ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ ጠየቀው።

«ሐኪማ ሎኒ፣ የጠራኸን አንተ ነህ?»

ገመቹ የበሩን ብረት እንደያዘ ቀረ። መኪናው ገብቶ፣ ልጆቹ ወርደው፣ መጋዘኑ ተቆልፎ፣ በሩ ግን ገና ክፍት ነበር። «ዝጋው እንጂ!» ብለው ጮኹበት። እኔ ነኝ ተነስቼ የዘጋሁት።

ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ወንጪ አቀበት ላይ ነክሶ ቆመ። ጓድ በላቸውን አስፈንጥሮ ጭቃ ውስጥ ጨምሮታል። በጋሪ ጭነው አመጡልኝ። ኃላፊው ክንዱን አስሮ፣ ከአንድ ታጣቂ ጋር አጠገቤ ቆመ። ገመቹንም አስጠርተውታል፤ በሩ ላይ ምርኩዙን ተደግፎ ይጠብቃል።

«ክፈተው» አለኝ ኃላፊው። «አሻጥር ከሆነ ዛሬ እናውቃለን።»

የሲሊንደሩን ራስ አነሳሁ። ጣቴን ፒስተኑ ላይ አሳለፍኩ። ደረቅ ነው። ቅንጣት ዘይት አልነካውም። እኔ የሞረድኩት ያ መስታወት የመሰለ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተቧጥሯል። የገባው ንጹሕ ቤንዚን ነው። የሞላው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ገመቹ ደግሞ የልጆቹን ስም ይረሳል እንጂ ያንን ዘይት አይረሳም። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ እዚያው ያበቃለታል።

ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። አልለመነኝምም። አገጩን ከፍ አድርጎ «እውነቱን ተናገር» የሚለኝ ይመስል ነበር።

«የእኔ ጥፋት ነው» አልኩ። «ፋሻውን ስገጥም ተሳስቻለሁ።»

ኃላፊው ጠጋ አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ሥራዬ ነው የተበላሸው። የማላውቀውን ሥራ ነው የነካሁት።»

ጓድ በላቸው ሳቀብኝ። «የአምቦ ኢንጂነር! ከትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይደርስ ሞተር ልሥራ የሚል ሁሉ መጨረሻው ይህ ነው» አለ። በቸልተኝነት ተብዬ ታሰርኩ፤ ቸልተኝነት ያስራል፣ አሻጥር ግን ይገድል ነበር። በኋላም በቀበሌ ስብሰባ ላይ አቁመው በሕዝብ ፊት አስደገሙኝ፣ ያንኑ ቃል በገዛ አፌ አናገሩኝ። ደንበኞቼ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰሙ። ከዚያ በኋላ ሞተር ያለው ሰው እየዘለለኝ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄደ። የጉደሩ ወፍጮ ባለቤት እንኳን ሌላ መካኒክ አስመጣ። የመታሰሩን ሕመም ረስቼዋለሁ። ይህኛውን አልረሳሁም።

እስር ቤት ሳለሁ ገመቹ ምሳ ይዞልኝ መጣ። ታጣቂው አጠገባችን ቆሟል። ስበላ አየኝ። ሳህኑን ሲቀበለኝ ጎንበስ አለና በጆሮዬ «ፋሻው በትክክል ነበር የገባው» አለኝ። በሕይወቱ ያመሰገነኝ በዚያች ቃል ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጓድ በላቸው በመኪና ይሄድ ጀመር። መኪና ሲሰማ የወንጪ ጎረምሳ ጫካ ይገባል። ሞተሩ ባሕር ዛፉ ሥር ተመልሶ ተጣለ፣ ዶሮዎቹም ተመለሱ። ገመቹ በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ ዘመኑ አለቀ።

መንግሥት ሲለወጥ ዘንጉን ከሣጥኔ አውጥቼ ወደ እሱ ሄድኩ። «አሁን እንናገር» አልኩት። «ወንጪ ሄደን ለኦቦ ቶላ እንንገራቸው። ሞተሩን ማን እንዳስቆመው ይወቁ። እኔም ስሜ ይመለስልኝ።»

የኦቦ ቶላ ልጅ ከሰሜኑ ጦርነት አልተመለሰም ነበር። ከእሱ ጋር ከተጫኑትም የተመለሱ ጥቂት ናቸው።

ገመቹ ዘንጉን ተቀብሎ ጎማውን በአውራ ጣቱ ሲያሻሽ ቆየ።

«ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለኝ። «ሞተሩን ስንት ጊዜ ሞልቼ ከላክሁት በኋላ ነው የገደልኩት? ልጁ በስሜ ሲጠራኝ ነው የነቃሁት። ከእሱ በፊት የሄዱትስ? ልጃቸው የሞተባቸው እናቶች ፊት ቆሜ ሞተር አበላሸሁላችሁ ብዬ ልኮፈስ?»

«እነሱ እኮ የጠራኻቸው አንተ ይመስላቸዋል!»

«የጠራኋቸውማ እኔ ነኝ። ያንን ድምፅ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ።» ዘንጉን መለሰልኝ። «እስክሞት ድረስ አፍህን ዝጋ። የስምህን ጉዳት አውቃለሁ፣ ከብዶሃል። እስክሞት ብቻ።»

ዘጋሁ። እኔ፣ ስለ አንዲት ብሎን እንኳ ሳላወራ የማላድር ሰው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ዘጋሁ። እሱ ግን ወንጪን ዳግመኛ ሳይረግጥ፣ ገበያ ላይ የወንጪ ሰው ሲያይ መንገድ እየቀየረ፣ ኦቦ ቶላም ይቅር ሳይሉት ሞተ።

እንግዲህ ቃሌን ጠብቄአለሁ፣ አሁን ተራው የእኔ ነው። የሕይወት ታሪኩን ላነበበው ልጅ፦ ገመቹ ዘበኛ አልነበረም። ሐኪማ ሎኒ ነበር። ድንኳን ውስጥ ለጠየቀኝ ጎረምሳ ደግሞ፦ ዘንጉ ከነጎማው ቤቴ አለ፣ መጥተህ እየው፤ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ከቻልክ ያን ጊዜ እናወራለን። ከወንጪ የሆነ ሰው ይህን ካነበበ ግን ማንበብ ለማይችሉት ያንብብላቸው። ከጉብታው ላይ የሰማችሁት ድምፅ የእሱ ነበር፣ የጠራችሁ ግን እሱ አይደለም። ድምፁን ያጠፋው ነው እሱ። የሚወደውን ሞተር በገዛ እጁ አድርቆ ገደለው።

እኔ የገጠምኩት ፋሻ እንከን አልነበረበትም። ይህን እወቁልኝ። የቀረውን እወቁለት።